ሃንዛኪ ተኝቶ ሲነሳ

ዩባራ፣ ማርች 9 ቀን 2003

ለወንድሜ ልጅ ለማዩኮ፣

የፕለሙ አበባ ረግፎ ወንዙ ላይ ተነጥፏል። ፍል ውሃው እንደወትሮው ይጨሳል፤ እንግዶቹም እንደወትሮው ታጥበው፣ እንደተቀቀለ ሸርጣን ቀልተው ይመጡና የመላጫ ወንበሬ ላይ ይዘረጋሉ። እኔና ሚሳኦ ደህና ነን። አንቺስ በዚያ በዱሰልዶርፍ ብርድ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ ይጠበቅ፣ መቀስሽ አይደንዝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሦስተኛውን የያማጁ ጌም ገዛሁ። አዎ፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሽማግሌ ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ። ሻጩ «ለልጅ ልጅዎ ነው?» ቢለኝ «አዎ፣ እስኪወለድ እኔ እየሞከርኩለት ነው» አልኩት።

አንደኛው ያማጁ የወጣ ጊዜ አንቺ እዚህ ሱቅ ውስጥ መቀስ መያዝ ትማሪ ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ ሁለቱን የእጅ ጌሞች በገመድ አገናኝተን አውሬዎቻችንን እናፋልም ነበር። የእኔን ሃንዛኪ መቼም አትረሺውም። ወንዛችን ውስጥ ድንጋይ ሥር እንደሚኖሩት ሰው የሚያህሉ እንሽላሊት መሳይ ሃንዛኪዎች አፉ ከራሱ የሰፋ፣ ሲያዩት ሰነፍ የሚመስል። አራት ዘዴ ነበረው። የእንቅልፍ ጭስ ይነፋል፣ ይጠመጠማል፣ ማዕበል ይወረውራል። አራተኛው «ድንጋይ ሥር» የሚባለው ነው፤ ገብቶ ተኝቶ ቁስሉን የሚያድንበት፣ በተኛበት ግን የሚቀጠቀጥበት ከንቱ ዘዴ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ በመሸነፍ ብቻ፣ ይህ አውሬ መቼ ምን እንደሚያደርግ እንደ ሚሳኦ ጠባይ አወቅኩት። አስተኛለሁ፣ እጠመጠማለሁ፣ አሸንፋለሁ። በቃ።

ወደ ሦስተኛው ካሻገርኩት ወዲህ ግን ታሟል። ሲመቱት ይለሰልሳል፣ ሲደግሙት ይጮኻል። በዚያ ላይ አምራቾቹ ፊደሉን አሳንሰውታል፣ ቀለም ሊቆጥቡ ነው መሰለኝ። የዘዴዎቹንም ቦታ አቀያይረውታል። በድሮው ከላይ ሦስተኛውን ስጫን ጥምጠማ ነበር። አሁን ስጫን ሃንዛኪ ጅራቱን ቆልፎ ይሸሻል። ያውም በአንድ የስምንት ዓመት ሕፃን ፊት!

አንቺ ጌሙን ጨርሰሽዋል አሉ። የውጊያው ደንብ ምን ምን ላይ እንደተለወጠ ጽፈሽ ላኪልኝ። ስልክ እንዳትደውዪ። ስልኩ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ዩባራ ፊቱን ሳሙና ተቀብቶ ያዳምጣል።

አጎትሽ ቶኩጂ

ዱሰልዶርፍ፣ ማርች 30 ቀን 2003

ለተከበሩ አጎቴ ቶኩጂ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ቼሪው አብቦ፣ እርስዎም አበባው ሥር ተቀምጠው ሳኬ እየጠጡ፣ አክስቴ ሚሳኦም ጠርሙሱን እየደበቁ እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔ ደህና ነኝ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት መላጣ ስለሆነ ፀጉር ባለው ሰው ሁሉ ይቀናል፤ ሠራተኞቹን ግን አይጎዳም።

የአዲስ ዓመቱን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የአክስቴ የግንባር ፀጉር ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ወርዷል። እዚህ እንዲህ ያለውን ቁርጥ ወጣቶች ፈልገው ያሠሩታል። እርስዎ ነዎት የቆረጡላቸው?

ስለ ፊደሉ የጻፉትን ግን አልተረዳሁትም። አንደኛውንና ሦስተኛውን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። የሦስተኛው ፊደል ይበልጣል።

የጠየቁኝን ደንብ በዚህ ወረቀት ጀርባ በእርሳስ ጽፌዋለሁ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ብዕር ያልፍበታል።

እጅ የምነሳዎ ማዩኮ

(በወረቀቱ ጀርባ፣ በደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ)

በአንደኛው ያማጁ የተጠመጠሙበት አውሬ እስኪለቁት ድረስ እጁን ማንሳት አይችልም ነበር፤ በሦስተኛው ጥምጠማ ያሳምማል እንጂ አያስርም፣ የታሰረው እየታመመም ቢሆን ይመታል። በአንደኛው ከእንቅልፉ የሚነቃ አውሬ የነቃበት ተራ ባክኖ ይቀርበት ነበር፤ አሁን ዓይኑን በገለጠበት ተራ ይመታል። ድሮ «መንፈስ» የሚባለው ቁጥር አንድ ሆኖ ለመወርወርም ለመከላከልም ያገለግል ነበር፤ አሁን ለሁለት ተከፍሏል። ሃንዛኪ የታመመው ለዚህ ነው፦ መወርወሪያው እንደነበረ ነው፣ መከላከያው ግን ሳስቷል። ሌላው፣ አሁን እያንዳንዱ አውሬ አንድ ፍሬ ይዞ ወደ ውጊያ መግባት ይችላል።

ዩባራ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2003

ለማዩኮ፣ የዱሰልዶርፍ የፀጉር ሊቅ፣

ቼሪው አበበ፣ ዝናብ መጣ፣ ረገፈ፤ ሳኬውም አለቀ። ሚሳኦ የደበቀችውን ጠርሙስ እስካሁን አላገኘሁትም። አንቺ በሰላም ዋዪ፣ አለቃሽ ፀጉር ያብቅል።

ደንቡ ደርሶኛል። አነበብኩት፣ በቃሌ ያዝኩት፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሆን ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር።

የሚሳኦ ቁልቁለት የእኔ ፈጠራ ነው። ከተራራችን ነው የቀዳሁት። እዚያ ፈልገው የሚያሠሩት ከሆነ እኔ እዚህ በነፃ እየሠራሁ ስለሆነ ንገሪያቸውና ይደነቁ።

ይልቅ ወሬ ላኪልኝ። በዚያ አገር ያማጁ የሚጫወቱት በየትኛው እጃቸው ነው?

አጎትሽ ቶኩጂ

ማዩኮ፣ እኔ ሚሳኦ ነኝ። ሙጫ ሊያመጣ ሲነሳ ወረቀቱን ነጥቄው ነው። ባለፈው ሳምንት የመቅደሱን መነኩሴ ሲላጭ ጆሮውን ቆረጠው። ትንሽ ናት፤ መነኩሴውም «ሌላ አለኝ» ብሎ ስቆ ሄደ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ባለፈው መኸር ኦካያማ ከተማ ያለው ሐኪም የዓይን ሞራ ነው፣ በሁለቱም በኩል ነው፣ ይቀደድ ብሎታል። እምቢ አለ። የጽሑፉ መስመሮች ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጡ ተመልከቺ፤ ድሮ በማስመሪያ የተሰመረ ነበር የሚመስለው። እኔ አልነገርኩሽም።

ዱሰልዶርፍ፣ ሜይ 4 ቀን 2003

ለተከበሩ አጎቴ፣

ተራራችሁ አሁን አረንጓዴ ለብሶ ይሆናል። ጤናዎን እመኛለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ከልቤ ነው የምመኘው።

ማን እንደነገረኝ አልናገርም። ዓይንዎን ሞራ እንደጋረደው፣ ቀዶ ጥገና እንደታዘዘልዎ፣ እምቢ እንዳሉም አውቃለሁ። ምላጭ የሚይዝ ሰው ነዎት። ምላጭ የያዘ ሰው የሌላ ሰው አንገት ይዟል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ብለምንዎ እንደሚቀልዱብኝ ስለማውቅ አልለምንም። እገጥምዎታለሁ።

አንድ አውሬ ለአንድ አውሬ፣ በሦስተኛው ያማጁ። የእኔ ሱዙ ከእርስዎ ሃንዛኪ ጋር። ሱዙን ያውቋታል፤ ያቺ «ይህቺን ሽለምጥማጥ ለኮት አንገት አድርጊያት» እያሉ ሲስቁባት የነበረችው። የጌም ካሴቴን በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። አክስቴ ሁለቱን ጌሞች በገመድ ያገናኛሉ። እኔ ትእዛዜን በትንሽ ፖስታ አሽጌ እልካለሁ፣ እርስዎም የእርስዎን አሽገው ይሰጧቸዋል፤ አንድ ላይ ከፍተው የተጻፈውን ይጫናሉ። የመጀመሪያዋ ፖስታ ከዚህ ጋር አለች።

ካሸነፍኩ ኦካያማ ይሄዳሉ። ካሸነፉ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።

ማዩኮ

ዩባራ፣ ሜይ 25 ቀን 2003

ለደፋሯ ማዩኮ፣

የሩዝ ማሳው ውሃ ተሞልቶ እንቁራሪቱ ሌሊቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነው። እኛ አለን። አንቺም ኑሪ፣ ግን አፍሽ ትንሽ ይረፍ።

ማን እንደነገረሽ አትናገሪም? በዚህ ቤት የምንኖረው እኔና ሚሳኦ ነን፤ እኔ ደግሞ አልነገርኩሽም። ጠራኋትና «የጀርመን ሰላይ!» አልኳት። «ቅረብና ሾርባህን ጠጣ» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ልንገርሽና ይብቃ። አያትሽ ከጦርነቱ በኋላ ዓይኑን ተቀድዶ ነበር። ራሱን እንዳያነቃንቅ ግራና ቀኙን በአሸዋ ከረጢት ደግፈውት ተንጋልሎ ሳምንታት ከረመ። ሩዙን እኔ ነበርኩ በማንኪያ የማጎርሰው። አይስቅም፣ አያስነጥስም፣ አይዞርም። ሲነሳ አንደኛው ዓይኑ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ በዚህ ነገር ደንቡን የምታስተምሪኝ አንቺ አይደለሽም፤ አውቀዋለሁ።

ግጥሚያውን ግን ተቀብያለሁ። ካሸነፍኩ «ዓይን» የሚለውን ቃል ዳግመኛ ለእኔ አትጽፊም። እኔም እስክሞት አላነበውም።

አሁን ወደ ሜዳው። ፖስታሽ የደረሰ ዕለት የፎጣ ማሞቂያው እንፋሎት ላይ ይዤው ቆሜ ሚሳኦ ደረሰችብኝ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«በርዶት ነው። ከጀርመን ድረስ መጥቶ።»

ከዚያ ወዲህ ፖስታ የሚቀመጠው ሩዝ ዕቃው ውስጥ ነው፤ ላዩን በጣቷ መስመር ታሰምርበታለች። እጄን ብከት ታውቃለች። ሴትዮዋ ፖሊስ መሆን ነበረባት።

የመጀመሪያው ተራ እነሆ። አንቺ «ሰማያዊ እሳት» ብለሽ ጽፈሻል፣ እኔ «የእንቅልፍ ጭስ»። ሱዙ ፈጥና ሃንዛኪዬን ለበለበችው፤ ከዚያ ጭሱ ደረሰባትና ክልትው አለች። ሚሳኦ «ሞተች?» ብላ ጮኸች። ተኝታለች አልኳት። «ታዲያ ቀስ በል» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አንቺም ቀስ እያልሽ ጠብቂ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ።

አጎትሽ ቶኩጂ

ዱሰልዶርፍ፣ ጁን 8 ቀን 2003

ለተከበሩ አጎቴ፣

የአያቴን ነገር አላውቅም ነበር። አባቴ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

ጭሱን መምረጥዎ እንቅልፍ ነሳኝ። በዚያ ወረቀት ጀርባ ያለውን ያነበበ ሰው ይህን አይመርጥም። ወጥመድ ይሆን? ሥራ ላይ ሳስብ የአንዲት ወይዘሮ ፀጉር ከታዘዝኩት በላይ አሳጠርኩት። ደግነቱ ወደደችው።

ለአክስቴ አንዲት ፖስታ ልኬያለሁ። ሱዙ እስክትነቃ ያሉት ተራዎች በአንድ ቀን ይለቁ፣ ስትነቃ ምን እንደምታደርግ ውስጡ አለ።

ማዩኮ

ዩባራ፣ ጁን 29 ቀን 2003

ለማዩኮ፣

ዝናቡ አላቆመም፤ ፎጣ አይደርቅም፣ ጠባይም አይደርቅም። ሰላምታዬን በዚሁ ተቀበዪ።

ካሴትሽ ተበላሽቷል። ወይ ጉምሩክ ነካክቶታል፣ ወይ ጀርመኖች የሆነ ነገር ጨምረውበታል። ሱዙ ተኝታ ሳለ ሃንዛኪዬ ተጠመጠመባት፤ ቆንጆ፣ ጥብቅ፣ የድሮው ዓይነት ጥምጠማ። ከዚያ ነቃች። መንቃቷ መብቷ ነው። ግን እንደነቃች በዚያው ትንፋሽ ነከሰችው! የተነቃበት ተራ ይባክናል እኮ! በሚቀጥለውም፣ እንደተጠመጠመባት፣ ታስራ እያለች፣ ደገመችው! የታሰረ አውሬ የሚናከሰው በየትኛው አገር ነው? ሃንዛኪዬ ትንፋሹ አንዲት ክር ላይ ተንጠልጥላለች። ሚሳኦ ቁልፍ ተሳስታ ነው ብዬ ሦስቴ አስደገምኳት። ወይ ካሴቱን አስተካክለሽ ላኪ ወይ በትክክል ተዋጊ።

ቶኩጂ

እኔ ሚሳኦ። በትክክል ነው የጫንኩት።

ዱሰልዶርፍ፣ ጁላይ 13 ቀን 2003

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

ካሴቱ አልተበላሸም። ሁለቱም ነገር በዚያ ወረቀት ጀርባ ተጽፏል። አነበብኩት፣ በቃሌ ያዝኩት ብለውኝ ነበር። አላነበቡትም አጎቴ። ደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ ነው፣ ማንበብ አልቻሉም፤ አክስቴን አንብቢልኝ ማለትም ከበደዎት። እርሳስ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ አላሰብኩበትም። እርስዎ ግን ዝም ብለው አንደኛውን ያማጁ ሦስተኛው ላይ ሲጫወቱ ከረሙ።

አሁን አንድ ጊዜ «ሰማያዊ እሳት» ብዬ ብልክ አልቆልኛል። ኦካያማ ይሄዳሉ። ሦስት ቀን ፖስታውን ጽፌ ይዤው ዞርኩ፤ ዛሬ ጠዋት ቀደድኩት። ደንቡን ያላየ ሰው አሸንፌ ብልክዎ መንገዱን ሁሉ «ተጭበረበርኩ» እያሉ ነው የሚሄዱት። ልክም ይሆናሉ። እኔ በትክክል ላሸንፍዎ ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ከዚህ ጋር ያሉት ወረቀቶች በብሩሽ የተጻፉ ናቸው፤ አንዱ ፊደል የሻይ ሲኒ ያህላል። አብሮኝ የሚኖረው የቻይና ልጅ ቤቱን ቤተ መቅደስ አደረግሽው ብሎኛል።

አንደኛው ወረቀት፦ የታሰረ አውሬ ይመታል።

ሁለተኛው፦ የነቃ አውሬ በነቃበት ተራ ይመታል።

ሦስተኛው፦ መንፈስ ለሁለት ተከፍሏል። የሃንዛኪ መከላከያ ሳስቷል።

አራተኛው፦ አንድ ፍሬ ይዞ መግባት ይፈቀዳል።

አምስተኛው፦ በአያቴ ጊዜ የአሸዋ ከረጢትና ሳምንታት። አሁን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ፤ በማግሥቱ ፋሻው ይፈታል። ኦካያማ ደውዬ ሐኪሙን ጠይቄያለሁ።

አጎቴ፣ እርስዎ እንደሁ ሁሉንም ነገር የሚጫወቱት በአንደኛው ደንብ ነው። ትእዛዞቼን በአምስት ትናንሽ ፖስታዎች በቅደም ተከተል ልኬያለሁ፤ አንዱንም አልለውጥም። ይዘጋጁ። አልራራልዎትም።

ማዩኮ

ዩባራ፣ ኦገስት 24 ቀን 2003

ለማዩኮ፣

የሃንዛኪው በዓል አለፈ፣ የሙታን መታሰቢያው ኦቦንም አለፈ። ለአያትሽ ነፍስ መብራቱን ወንዝ ላይ ለቀናል፤ ያንቺን ድርሻ ሚሳኦ ለቀቀችልሽ። ዘንድሮ ኮኩ ጣፍጧል፤ እዚያ መላክ አይቻልም እንጂ አንዱን በስምሽ በላሁት።

መልስ ያዘገየሁት አኩርፌ ነው። ኩርፊያው መቼ እንዳለፈ አላስታውስም። አንድ ጠዋት ወረቀቶችሽን ከትልቁ መስታወት ላይ ለጠፍኳቸው። አራቱን። አምስተኛው ሌላ ቦታ ነው፤ የት እንዳትይኝ።

አሁን ደንበኛው ሁሉ እየተላጨ ያነባል። የመቅደሱ መነኩሴ ጆሮውን በእጁ ሸፍኖ እየተቀመጠ ሁለተኛውን ወረቀት አፍጥጦ ያያል። ትናንት ወዲያ «የነቃ በነቃበት ይመታል፤ ይህን ለምዕመናን እሰብከዋለሁ» አለኝ። «መጀመሪያ ራስዎ ስብከት ላይ ሲተኙ ይንቁ» አልኩት።

እኔም አሰብኩ። ያን ሁሉ የለመድኩትን ወዲያ ጣልኩ፤ ጭሱን ተውኩ፣ ጥምጠማውን ተውኩ። ሁለተኛውንና አራተኛውን ወረቀት ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ነገሩ ታየኝ። ያ ከንቱው «ድንጋይ ሥር»! ድሮ ተኝቶ ይደበደባል፣ ሲነቃም ተራው ይባክናል። አሁን ግን የመንቂያ ፍሬ አፉ ውስጥ ይዞ ቢተኛስ?

ሚሳኦ ፖስታዎችሽን ከፈተች። እሳት። ሃንዛኪ ማዕበል ወረወረ። እሳት። ማዕበል። አንቺ ደግሞ እሳት፣ አንቺ ክፉ ልጅ፤ ሃንዛኪ ከሰል መስሎ ክሩ ላይ ደረሰ። ያኔ ሃንዛኪ ድንጋይ ሥር ገባና ተኛ። ቁስሉ ሁሉ ሻረ። ሱዙ ጥርሷን ስላ መጣች፣ ነከሰችው፤ እሱ ፍሬውን ቆርጠም አደረገ፣ ነቃ፣ በነቃበትም ማዕበሉን ለቀቀባት። ወደቀች።

ሚሳኦ «ውይ፣ ምስኪን» ብላ ስክሪኑን ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ሳሕን ታጥብ ጀመር፤ የታጠበውን ሳሕን።

ስለዚህ አሸንፌአለሁ፣ በትክክል። ያን ቃል ከዛሬ ጀምሮ አትጽፊውም።

አጎትሽ ቶኩጂ

ዱሰልዶርፍ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2003

ለተከበሩ አጎቴ፣

የመኸሯን ሙሉ ጨረቃ የምታዩበት ሰሞን ነው፤ የሩዝ ሙልሙሉን ሞቺ ለእኔም ያስቀምጡልኝ።

በትክክል ተሸንፌአለሁ። «ድንጋይ ሥር» በሐሳቤም አልመጣም፤ እዚህ አንድም ሰው አይጠቀምበትም። ለሦስት ቀን ተናደድኩ፣ ለሦስት ቀን ኮራሁብዎ። ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ያን ነገር አልጽፍም።

ስለዚህ ስለ ሌላ ነገር ልጠይቅዎ። የሜፕሉ ዛፍ ቅጠል ከየት በኩል መቅላት ጀመረ? ቀቡት የተባለው የወንዙ ድልድይ አዲስ ቀለሙ ምን ይመስላል? የመነኩሴው ጆሮ በደንብ ገጠመ? የአክስቴ ቁልቁለት አሁንም ቁልቁለት ነው?

በየደብዳቤው እጠይቅዎታለሁ። እነዚህን መጠየቅ አልተከለከልኩም። ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ፣ መቀሴንም ይዤ እመጣለሁ፤ ሱቁን መክፈት ቢያቅትዎ እኔ እከፍተዋለሁ። አልደከመኝም አጎቴ።

ማዩኮ

ዩባራ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2003

ለማዩኮ፣ ለተሸናፊዋ፣

ሜፕሉ መቅላት የጀመረው ከመቅደሱ ጀርባ፣ ከላይኛው ደረጃ በስተግራ ካለችው ትንሿ ዛፍ ነው። ድልድዩን አስቀያሚ አረንጓዴ ቀብተውታል፤ ቀቢው አንድ ምሰሶ ዘሎ ሄዷል። የመነኩሴው ጆሮ ገጥሟል፣ ግን አፍንጫው ላይ እንዲህ ያለ ኪንታሮት እንዳለ ማንም አልነገረኝም።

አንቺ እንዳትጽፊው ከለከልኩሽ እንጂ እኔን የከለከለኝ የለም። ዓይን። ዓይን። ዓይን።

ቀኙን ኦክቶበር ላይ ተቀደድኩ፣ ግራውን ባለፈው ሳምንት። ማንም አልላከኝም፤ አሸናፊ ነኝ፣ አሸናፊ የፈለገበት ይሄዳል። አምስተኛው ወረቀትሽ ሐኪሙ ቤት ደርሷል፣ ቀበቶዬ ሥር አጣጥፌው ነበር። ገልጬ አሳየሁትና «ይህ ልክ ነው?» አልኩት። ፊደሉን ሲያይ ነርሶቹን ሁሉ ጠራቸው። ልክ ነው አለ። እኔ ግን አንድ ስሕተት አግኝቼበታለሁ፤ ጠብታው ያንገበግባል፣ ይህን አልጻፍሽም።

ጠረጴዛው ላይ ስተኛ አያትሽን አሰብኩት። ከዚያ ሃንዛኪን አሰብኩና ነርሷን «አፌ ውስጥ የምይዘው ፍሬ የለም?» አልኳት። በባዶ ሆድ ነው የሚገባው አለችኝ። ቀልድ የማታውቅ፣ ግን እጇ ቀላል።

እንደተመለስኩ መሳቢያውን ከፍቼ ያን የእርሳስ ወረቀት በመስኮቱ በኩል ያዝኩት። ሁሉንም አነበብኩ፣ መነጽር ሳይጨመር። «ዓይኑን በገለጠበት ተራ ይመታል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ኖሯል። ኤፕሪል ላይ ይህን አንብቤ ቢሆን የመጀመሪያውን ግጥሚያም እበላሽ ነበር። ስለዚህ ሱዙን መግቢያት፤ ለአዲስ ዓመት ስትመጪ ያለ ፖስታ፣ ፊት ለፊት። አሁን ፊደሉ ትልቅ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሁለተኛው ፋሻ የተፈታ ዕለት ሚሳኦ ፊቴ ቆማ ነበር። የግንባር ፀጉሯ ከግራ ቅንድቧ በላይ ይነሳና ቀኙ ላይ ሊጋርዳት ትንሽ ይቀረዋል፤ መሐሉ ላይ አይጥ የበላው የመሰለ ቦታ አለ። ደነገጥኩ።

«ይህን ማን ሠራሽ?»

«አንተ ነሃ።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«በዚህ ፀጉር ገበያ ወጣሽ? ለበዓሉ? መቅደስ?»

«ወጣሁ።»

«ሰው ምን አለሽ?»

«አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የማን ሚስት እንደሆንኩ ያውቃሉ።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

አሰበችና «ስትቆርጠኝ ደስ ይልህ ነበር» አለችኝ።

ምን እንደመለስኩላት አልጽፍልሽም። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ጨርቁን አስሬላታለሁ፣ ይህን ጽፌ እስክጨርስ ነው ያስጠበቅኳት። «ለማዩኮ ሰላም በልልኝ፣ አንገቴ ደከመ» እያለች ነው። መቀሱን ስያለሁ፣ የመስኮቱን መጋረጃ ገልጫለሁ፣ ወረቀቶችሽንም ከመስታወቱ ላይ አንስቻለሁ፤ ፊቷን ሸፍነውብኝ ነበር።

ቀጥ አድርጌ ልቆርጥላት ነው።

አጎትሽ ቶኩጂ